ወደ ጣሪያ ወጥቶ የሚወርድ ውኃ

በአሜሪካ አገር፣ በፍሎሪዳም ሆነ በካሊፎርኒያ፣ የመዋኛ ገንዳ ባለበት ሰፈር የሚያልፍ መንገደኛ፣ በአንዳንዱ ቤት ጣሪያ ላይ እንደ ሰሌን የተዘረጋ ጥቁር ነገር ቢመለከትና ቀረብ ብሎ ቢያስተውለው፣ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው መስተዋት ሳይሆን፣ ከትንሽ ጣት የቀጠኑ የፕላስቲክ ቱቦዎች ጎን ለጎን የተሰለፉበት፣ የጓሮውን ገንዳ በፀሐይ የሚያሞቅ ሰሌዳ ሆኖ ያገኘዋል።

አሠራሩ ረቂቅ ምሥጢር የለበትም። ገንዳውን ለማጥራት የተተከለው ፓምፕ ውኃውን በማጣሪያው ካሳለፈ በኋላ፣ ጣሪያው ከገንዳው ይልቅ መሞቁን የሙቀት መለኪያው ሲያስታውቅ፣ ቫልቩ ዞሮ ውኃውን ወደ ላይ ይሰድደዋል፤ ውኃውም በጥቃቅኑ ቱቦ ሲያልፍ ጥቁሩ ፕላስቲክ ከብርሃነ ፀሐይ የተቀበለውን ሙቀት ተካፍሎ ይመለሳል። ሲመሽ መንገዱ ይዘጋል፤ በሰሌዳው የቀረውም ውኃ ውርጭ ቱቦውን እንዳያፈነዳው ወደ ታች እንዲወርድ ይደረጋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ውኃው ወደ ገንዳው በሚመለስበት አፍ ላይ እጁን የደቀነ ባለቤት፣ ለብታው ከገንዳው እምብዛም የማይለይ ሆኖ ሲያገኘው፣ ገንዘቡን በከንቱ ያፈሰሰ ይመስለዋል። ነገር ግን ውኃው በዝቶና ፈጥኖ ስለሚያልፍ በአንድ ዙር የሚጨምረው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው፤ መልካምነቱም በዚሁ ነው፤ ሰሌዳው እጅግ ቢግል ያገኘውን ለነፋስ በገበረ ነበርና። በእስራኤል አገር በየሰገነቱ የሚታየው፣ በዚያ ያሉ ወገኖቻችንም በዕብራይስጥ ዱድ ሼሜሽ የሚሉት የገላ ውኃ ማሞቂያ በመስተዋት ተሸፍኖ ሲሠራ፣ የገንዳው ሰሌዳ ራቁቱን መሰጣቱ ስለዚህ ነው፤ ለዋና 27 ወይም 28 ዲግሪ ይበቃል።

የሚያስቸግረው የውኃው ብዛት ነው። 50 ሜትር ኩብ የሚይዝ ገንዳ አንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብቻ እንዲጨምር 58 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል፤ ስለዚህም የሰሌዳው ስፋት ከገንዳው ገጽ እኩሌታ ጀምሮ እስከ ሙሉው ሊደርስ ይገባል፤ በሰሜናዊው ንፍቀ ክበብም ፊቱ ወደ ደቡብ ቢሆን ይመረጣል።

ይህን ሁሉ አሰናድቶ ገንዳውን ሳይከድን የሚያድር ሰው ግን፣ ለእኔ፣ አክንባሎ ሳይደፋ እንጀራ ከሚጋግር አይለይም፤ ከገንዳ ሙቀት አብዛኛው የሚጠፋው በትነት ነውና፣ ተራ የፕላስቲክ ክዳን ከተጨማሪ ሰሌዳ ይልቅ ዋጋው አነስተኛ ሆኖ ጥቅሙ ይበልጣል።

እንደ አሪዞና ባለ በረሃማ አገር ደግሞ፣ በሐምሌ ገንዳው ራሱ ለዋና እስኪያስጠላ ድረስ ሲሞቅ፣ ባለቤቱ ክዳኑን ገፍፎ ፓምፑን በሌሊት ያስነሣዋል፤ በመዓልት ሙቀት ሲቀበሉ የከረሙት እነዚያው ቱቦዎች፣ አሁን የገንዳውን ሙቀት ወደ ጠራው ሰማይ ሲለቁ ያድራሉ።