ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ ስትሆን

በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት መጀመሪያ፣ ጠራራ ፀሐይ እያለ የሳተላይት ቴሌቪዥን ምስል ለጥቂት ደቂቃ ተቆራርጦ ይጠፋና ይመለሳል። ዲሹ አልተበላሸም። የስርጭት ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ሰሞን ፀሐይ ልክ በጀርባቸው ታልፋለች። ፀሐይ ከብርሃን ሌላ የሬዲዮ ሞገድም ስለምትረጭ፣ የሳተላይቱ ደካማ ምልክት በገበያ ጫጫታ መሃል እንደሚያንሾካሹክ ሰው ድምፅ ይዋጣል። በምሥራቅ ኬንትሮስ 57 ዲግሪ ካለው ሳተላይት ለሚቀበል የአዲስ አበባ ዲሽ ሰዓቱ ረፋድ ነው፤ ወደ ምዕራብ ለዞረ ግን ከቀትር በኋላ። ለተከታታይ ቀናት ይደጋገማል። ያኔ ጣሪያ ላይ ወጥቶ ዲሹን ማዞር ትክክለኛውን አቅጣጫ ማሳት ነው።