ዕድሜው የገፋ ሰው በየትኛው በር መኮንን ይሆናል?

«ሠላሳ አምስት ዓመት ሞላኝ፤ ዲግሪ አለኝ። አሁን መኮንን ሆኜ መከላከያ መግባት እችላለሁ?» ይህን ጥያቄ ስላነሳችሁልኝ ደስ ብሎኛል፤ መልሱ ከሰፈራችን አስፋልት ይጀምራላ! ሳንሱሲ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ምዕራብ ብታዞሩ የአምቦ መንገድ ነው። ቡራዩ፣ ታጠቅ ጦር ሰፈር፣ ሆለታ፣ ከዚያም ጊንጪ። የኢትዮጵያ መኮንን በምን በምን መንገድ እንደተፈጠረ ለማወቅ ከዚህ መስመር ብዙም መራቅ አያስፈልግም።

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገራችሁ። በዕጩ መኮንንነት ከሆነ በ35 ዓመት በጣም ይከብዳል፤ በሙያ ከሆነ ይቻላል። በጦርነት ጊዜ ደግሞ የዕድሜ ነገር የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው።

መጀመሪያ ለምን እንደሚከብድ እንይ። ሰው «ሠራዊት ወጣት የሚፈልገው ለሩጫው ነው» ይላል። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ዋናው ጉዳይ ስሌት ነው። አዲስ መኮንን በምክትል መቶ አለቃነት ይጀምራል። ከዚያ መቶ አለቃ፣ ሻምበል፣ ሻለቃ፣ ሌተና ኮሎኔል፣ ኮሎኔል እያለ ይቀጥላል። በየማዕረጉ የቆይታ ጊዜ አለ፣ በየመሐሉ ኮርስ አለ፣ ወደ ላይ በወጡ ቁጥርም ቦታው እየጠበበ ይሄዳል። በ21 ዓመቱ የጀመረ ሰው ኮሎኔል ለመሆን የሚበቃ ጊዜ አለው። በ35 የጀመረው ግን ገና ሻለቃ ሳይሆን ጉልበቱ ይደክማል። የወታደር የጡረታ ዕድሜ እንደየማዕረጉ የሚለያይ ነው፤ ከሲቪሉ 60 ዓመትም ብዙ ጊዜ ቀደም ይላል። የዕድሜ ልክ የጡረታ አበል ለማግኘት ደግሞ ቢያንስ የ10 ዓመት አገልግሎት ይጠየቃል። ሠራዊቱም ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ያሠለጠነውን ሰው ረጅም ዘመን ሊጠቀምበት ይፈልጋል። አንድ ነገር ልጨምር፦ የ35 ዓመቱ ምክትል መቶ አለቃ አዛዡ የ28 ዓመት ሻምበል ሊሆን ይችላል። «አንተ» እየተባለ ከታናሹ ትእዛዝ መቀበል ለእኛ አገር ሰው ቀላል አይደለም። ከፑሽ አፑ ይልቅ ይህ የሚከብደው ሰው እንዳለ አልጠራጠርም።

አሁን ወደ መንገዳችን። ሆለታ ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የገነት ጦር ትምህርት ቤት እዚያ የተከፈተው በ1927 ዓ.ም. ሲሆን ያስተማሩት በካፒቴን ቪኪንግ ታም የሚመሩ የስዊድን መኮንኖች ናቸው። ተማሪዎቹ ወጣቶች ነበሩ፤ ኋላ ጄኔራል የሆኑት ሙሉጌታ ቡሊ አንዱ ናቸው። ትምህርቱ ሳያልቅ ግን ጣሊያን መጣ።

የሚገርመው ክፍል እዚህ ጋ ይጀምራል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1928 ዓ.ም. ከአገር ሲወጡ ከሆለታ ዕጩዎች ብዙዎቹ ወደ ምዕራብ ሄዱና ነቀምት ላይ የጥቁር አንበሳ ማኅበርን መሠረቱ። መሪ አድርገው የመረጡት ማንን ይመስላችኋል? ከመካከላቸው የጦር ትምህርት የቀመሰ ሰው ሞልቶ ሳለ ዶክተር ዓለመወርቅ በየነን መረጡ። ዓለመወርቅ በብሪታኒያ የተማሩ የእንስሳት ሐኪም ናቸው! ከእሳቸው ጋር የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም ነበሩ፤ እነሱም በብሪታኒያ ተምረው የመጡ መሐንዲሶች እንጂ የጦር ሰዎች አልነበሩም። ማኅበሩ ዐሥር አንቀጽ ያለው ሕግ አወጣ። በዚያ ሕግ የፖለቲካው አመራር ከወታደራዊው በላይ ነው፤ ገበሬውን ማንገላታትም ክልክል ነው። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ነቀምት አጠገብ ቦናያ ላይ ያረፉትን የጣሊያን አውሮፕላኖች አቃጠሉ፤ ጄኔራል ማልዮኮም እዚያው ተገደለ። ማኅበሩ በኋላ በራስ እምሩ መሪነት እስከ ጎጀብ ተዋግቶ በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ እጅ ሰጠ፤ በጣሊያኑ ገዢ በግራዚያኒ ላይ ከተሞከረው ግድያ በኋላም የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ተገደሉ። እኔ ይህን ታሪክ የማነሳው «ሐኪምና መሐንዲስ በጦር ሜዳ ምን ይሠራል?» ለሚል ሰው ነው። የመሪነት ችሎታ ሁልጊዜ ከጦር ትምህርት ቤት ብቻ አይወጣም።

በዚያው ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣም አለ። ጆን ሮቢንሰን የቺካጎ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ ነበር። በ1927 ዓ.ም. ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሲሆነው መጥቶ ኮሎኔል ተባለ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጦር ግንባር መልእክት እያደረሰ በረረ። አውሮፕላን ማብረር የሚችል ሰው ጥቂት በነበረበት አገር ስለ ዕድሜው የጠየቀው የለም።

ሆለታ ከነፃነት በኋላ ሌላ መልክ ያዘች። ሐረር ላይ በ1950 ዓ.ም. ገደማ ሕንዳውያን መኮንኖች የሚያስተምሩበት አካዳሚ ተከፍቶ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ ወጣቶችን ለሦስት ዓመት ያሠለጥን ጀመር። ሆለታ ግን ለበታች ሹሞች ዋናው መሰላል ሆና ቀረች፤ ተራ ወታደር ሆኖ ገብቶ፣ አሥር አለቃ ሃምሳ አለቃ ሆኖ፣ አጠር ባለ ኮርስ መኮንን የሚሆነው ሰው የሚያልፈው በእሷ ነው። በዚህ መንገድ የመጡት ከሐረሮቹ በዕድሜ የገፉ ነበሩ፤ በሁለቱ መካከል የነበረው መናናቅም የታወቀ ነው። መንግሥቱ ኃይለማርያምም ከበታች ሹምነት ተነሥቶ በሆለታ ያለፈ ነው። የ1966ቱ ደርግ አባላት ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ ብቻ እንደነበሩ ስታስቡ የማዕረግ መሰላሉ ቅሬታ ምን ያህል ፖለቲካ እንደነበረ ይገባችኋል።

ከበታች ተነሥቶ የመውጣቱ ምሳሌ ግን ፖለቲካ ብቻ አይደለም። አበበ ቢቂላ ወደ ክብር ዘበኛ በተራ ወታደርነት ገብቶ፣ ከሮም ድል በኋላ አሥር አለቃ ተብሎ፣ በመጨረሻ ሻምበል ሆነ። በሩጫ የተገኘ የመኮንን ማዕረግ ነው!

ታጠቅን በአጭሩ ልለፈው። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦርነት ሲቃረብ ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሚሊሺያ የሠለጠነው እዚያ ነው፤ ከየገጠሩ የመጡ አባወራዎችም ነበሩበት። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ለስድስት ወር ሥልጠናና ለሁለት ዓመት አገልግሎት ሲጠራ፣ ተጠባባቂነቱን እስከ 50 ዓመት አደረሰው። በቅርቡም በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሲነሣ ጄኔራሎቹ አበባው ታደሰ፣ ባጫ ደበሌና ዮሐንስ ገብረመስቀል ከጡረታ ተጠርተው ተመለሱ፤ በቀጣዩ ዓመት ኃይሌ ገብረሥላሴ በ48 ዓመቱ ግንባር ለመሄድ ዝግጁ ነኝ አለ።

ሌላውስ ዓለም? እንግሊዛዊው ኦሊቨር ክሮምዌል እስከ 43 ዓመቱ ወታደር ሆኖ አያውቅም ነበር፤ ጦርነት መጣና አገሩን የገዛ ጄኔራል ሆነ። አሜሪካኖች ሐኪሙን፣ የሕግ ባለሙያውንና ቄሱን በቀጥታ የመኮንን ማዕረግ ይሰጡታል። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ደግሞ ከሜታ፣ ከፓላንቲርና ከኦፕንኤአይ ዓለም የመጡ አራት የቴክኖሎጂ ሰዎችን በአንድ ቀን የተጠባባቂ ጦር ሌተና ኮሎኔል አደረጓቸው። እኔ ይህኛው ትንሽ ይከብደኛል፤ ሃያ ዓመት ላቡን አፍስሶ እዚያ ማዕረግ የደረሰው ሰው ምን ይላል? ዋሽንግተንና ዳላስ ላላችሁ ወዳጆቼም አንድ ነገር ልበል። እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ጀምሮ በኋላ በቆመው የአሜሪካ ጦር የቋንቋ ምልመላ ውስጥ አማርኛም ተዘርዝሮ ነበር፤ በቋንቋ የገባው ግን በተራ ወታደርነት ነበር የሚጀምረው። ለመኮንንነት በመደበኛው ዜግነት ይጠየቃል።

ስለዚህ እዚህ አገር በ35 ዓመታችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ሐኪም፣ ነርስ ወይም መሐንዲስ ከሆናችሁ ሠራዊቱ የሚፈልገው ሙያችሁን ነው። ጦር ኃይሎች ሆስፒታል ከኮልፌ ሩቅ አይደለም፤ የመከላከያ ዩኒቨርሲቲ የጤና ኮሌጅም እዚያው ነው፣ የምህንድስናው ቢሾፍቱ። ሙያ ኖሯችሁም ቢሆን መሠረታዊ ሥልጠና አይቀርም፤ ሁርሶም ይሁን ብር ሸለቆ ማሠልጠኛ ጎሕ ሳይቀድ መነሣት አለ። ዕድሜና የትምህርት ደረጃ በየምልመላው ማስታወቂያ ይገለጻል፤ ከማስታወቂያ ማስታወቂያም ይለያያል። ወሬ ሰምታችሁ ሳይሆን አንብባችሁ ወስኑ።

በታሪክና በሒሳብ የማይመለስ ነገርም አለ። መኮንን ጦርነቱን አይመርጥም። በእኛ ዘመን ጦርነቱ ብዙ ጊዜ ከወንድም ጋር ሆኗል። ሚስትና ልጆች ያሏችሁ ሰዎች ይህን ከሌላው ሁሉ አስቀድማችሁ ከቤተሰብ ጋር ተነጋገሩበት፤ የ19 ዓመት ልጅ የማያስበውን የማሰብ ግዴታ አለባችሁ።

ፍርዴን ከጠየቃችሁኝ፦ ሒሳብ ሠራተኛ ወይም የመረጃ ቴክኖሎጂ ባለሙያ ሆናችሁ አገር ማገልገል ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ፣ መከላከያ ሚኒስቴር በሲቪልነት የሚቀጥራቸው ሠራተኞች አሉት፤ ማዕረግ አይኖራችሁም፣ ሙያችሁ ግን ሥራ ላይ ይውላል። የምትፈልጉት ትከሻ ላይ የሚቀመጠውን ኮከብ ከሆነ ደግሞ ወረዳችሁ ሄዳችሁ ማስታወቂያው ላይ ያለውን የዕድሜ ጣሪያ ዛሬውኑ ተመልከቱ፤ «እኔ አስገባሃለሁ» ብሎ ገንዘብ ለሚጠይቃችሁ ሰው ግን አንዲት ሳንቲም አትስጡ።