የማይጎብጠው ቸርኬ

የሞተር ብስክሌት አምራቾች ሞተሩን ሲነድፉ የወላይታን መንገድ በአእምሯቸው ይዘው እንደነበር እጠራጠራለሁ። ከአረካ፣ ከቦዲቲ፣ ከገሱባ ወይም ከበሌ ወደ ሶዶ የሚገባ ሞተር ከሹፌሩ ኋላ ሁለት ሰው አፈናጥጦ፣ በጎን ዶሮ አንጠልጥሎ መምጣቱ ብርቅ አይደለም። ሰው ባይጭን ደግሞ ኩንታል ይጭናል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ቀበሌ መንገድ ሲገባ፣ በክረምት ጎርፍ የቦረቦረው ቀይ አፈርና የሾለ ድንጋይ ይቀበለዋል። ይህን ሁሉ ዱላ በመጀመሪያ የሚቀምሰው ጎማው፣ ቀጥሎም ቸርኬው ነው።

በአካባቢው የሚታዩት ቸርኬዎች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ በሽቦ የተወጠረ የብረት ቸርኬ ነው፣ ሌላው ቀልጦ በቅርጽ የወጣ አልሙኒየም። የሽቦው ትልቁ ችሎታ መጎበጥ መቻሉ ነው። ጉድጓድ ሲመታው ይጣመማል፣ ግን ተጣሞም ባለቤቱን ቤቱ ያደርሰዋል። ሲነዳ መወዛወዙ ደግሞ ያሳብቅበታል። ከዚያ ባለሙያው ቸርኬውን በፔርኖው ላይ አስቀምጦ ያሽከረክረዋል፤ አንድ ቋሚ ምልክት ጠርዙ አጠገብ ይተክልና ጠርዙ ወደ ቀኝ በሚያደላበት ቦታ የግራውን ሽቦ ያጠብቃል፣ የቀኙን ያላላል። ሩብ ዙር፣ እንደገና ማሽከርከር፣ እንደገና ሩብ ዙር። ትዕግሥትና አንድ ትንሽ ቁልፍ ይበቃዋል።

ካርቦን ፋይበር ቸርኬ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከሰው ፀጉር እጅግ የቀጠኑ የካርቦን ክሮች በጨርቅ መልክ ተነባብረው፣ ኤፖክሲ በተባለ ሙጫ ርሰው፣ በሙቀትና በግፊት ይጠነክራሉ። በኒውዚላንድ ክራይስትቸርች ከተማ ጆን ብሪተን የሚባል መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ቪ1000 የተባለውን የውድድር ሞተር ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ሲሠራ ቸርኬዎቹን ሳይቀር በካርቦን አበጃቸው። ዛሬ በዚህ ሙያ ከታወቁት ድርጅቶች አንዱ፣ ብላክስቶን ቴክ፣ በራሳችን አህጉር፣ በደቡብ አፍሪካ ይገኛል። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣው ኤችፒ4 ሬስ ሻሲውም ቸርኬውም ካርቦን ነበር፤ የተመረተው ግን 750 ብቻ ነው። በሞቶ ጂፒ ውድድር ካርቦን ቸርኬ አይፈቀድም፤ ደንቡ ማግኒዚየምና አልሙኒየም ይላል።

ሰው ይህን ያህል የሚደክምለት ለቅለቱ ነው። የሚሽከረከር ክብደት ሁለት ጊዜ ያስከፍላል፤ ወደ ፊት ለመግፋትም ለማሽከርከርም ጉልበት ይፈልጋል። ከሞላው በታች ያለ ክብደት ደግሞ ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር እየዘለለ ጎማውን ከመሬት ያላቅቃል። ቸርኬው ሲቀል ሞተሩ ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎ ይቆማል፣ ለመታጠፍም አያስቸግርም።

ጥንካሬውስ? ካርቦን ድካም የሚባለውን ነገር ከአልሙኒየም በተሻለ ይቋቋማል፤ በተደጋጋሚ ጭነት ቶሎ አይሰነጠቅም፣ አይዝግም። በደንብ የተሠራ ካርቦን ቸርኬ አልሙኒየሙን የሚያጎብጥ ምት ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል። ችግሩ የሚመጣው ምቱ ከአቅሙ በላይ ሲሆን ነው። አይጎብጥም፤ ወይ ይሰበራል፣ ወይ ደግሞ ከላይ ደህና መስሎ ከውስጥ ንብርብሩ ይላቀቃል። ለዚህ ነው ባለሙያዎች በሳንቲም ቆርቆር አድርገው የሚያዳምጡት፣ ገበያ ላይ ማሰሮ የምትገዛ ሴት በጣቷ መታ መታ እንደምታደርገው። ጥርት ያለ ድምፅ ደህና ነው፤ የታፈነው ያጠራጥራል። ያጠራጠረውን ለማረጋገጥ የአልትራሳውንድ ምርመራ ያስፈልጋል።

ካርቦን ሲጎዳ መጠገኑ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት ከኢትዮጵያ አየር መንገድ የተሻለ ምሳሌ የለም። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኖ የተረከበው ቦይንግ 787 ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ከካርቦን ፋይበርና መሰሎቹ የተሠራ ነው። በጁላይ 2013 አንዱ አውሮፕላን ለንደን ሂትሮው ቆሞ ሳለ፣ ከጅራቱ አጠገብ ባለ የአደጋ ጊዜ መልእክት ማስተላለፊያ ባትሪ ምክንያት እሳት ተነሳበት። ሙቀቱ ክሮቹን የያዘውን ሙጫ አቃጠለው። አውሮፕላኑ ተጠግኖ ወደ ሥራ የተመለሰው በዓመቱ መጨረሻ ነው፤ ጥገናውን ያካሄደውም አምራቹ ራሱ ቦይንግ ነበር። ገሱባ መንገድ ላይ ለተሰነጠቀ ቸርኬ ማን ይመጣል?

ስለዚህ ዋጋው እንኳ ባይኖር (አንድ ጥንድ ከ2000 ዶላር በላይ ነው) ለሶዶ ሞተር ሽቦውን እመርጥ ነበር። ከካርቦን ባለቤቶች መቅዳት ያለብን ሌላ ነገር ነው፤ የጎማ ባላንስ።

ምንም ጎማ ዙሪያውን እኩል አይከብድም፤ ቫልቮላውም የራሱን ይጨምራል። በ17 ኢንች ቸርኬ ላይ አንዱ ጎን በ20 ግራም ቢበልጥ፣ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲኬድ ያች 20 ግራም በሰከንድ ዘጠኝ ጊዜ ያህል እየዞረች አንድ ኪሎ ተኩል በሚጠጋ ጉልበት ትጎትታለች። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲጨምር ጉልበቱ በአራት እጥፍ ያድጋል። በከተማ ውስጥ የማይታወቀው መንቀጥቀጥ በአርባ ምንጭ አስፋልት ላይ መሪውን የሚያርገበግበው ለዚህ ነው፤ ኩሽኔታውንም ቀስ በቀስ ይበላዋል።

ካርቦን ላይ ሚዛን ማስተካከያው ክብደት ይለጠፋል እንጂ በመዶሻ አይመታም፤ ጠርዙን በመንጠቆ መንከስ ክልክል ነው። ጎማ ማውለቂያው ብረትም ጠርዙን እንዳይነካ ፕላስቲክ ይደረግበታል። የሽቦ ቸርኬ ባለቤት ይህን ሁሉ ጭንቀት አያውቅም። ቸርኬውን ፈትቶ፣ ፔርኖውን በሁለት እኩል ድጋፎች ላይ አጋድሞ በነፃነት እንዲዞር ይልቀቀው። የፍሬኑና የሰንሰለቱ ነገር እንዳይዘው ያረጋግጥ። ከባዱ ጎን ራሱ ወደ ታች ይወርዳል። ከላይ በተቃራኒው በኩል ባለው ሽቦ ላይ የእርሳስ ሽቦ ጠምጥሞ ይሞክር፤ በየትኛውም ቦታ ሲለቀው ሳይንከባለል ከቆመ አበቃ። አዲስ ጎማ ሲገባ አንዳንድ አምራቾች ቀላሉን ጎን በትንሽ ባለቀለም ነጥብ ያመለክታሉ፤ ነጥቡን ከቫልቮላው ጋር ማገናኘት የሚያስፈልገውን እርሳስ ይቀንሳል።

ቅደም ተከተሉ ግን እንዳይገለበጥ። የተጣመመ ቸርኬ በእርሳስ አይቀናም፤ መጀመሪያ ሽቦው ይስተካከል፣ የላላ ኩሽኔታ ይቀየር፣ ባላንሱ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ካለመዳሪው ተበስቶ በተለጠፈ ቁጥርም ሚዛኑ ስለሚለወጥ፣ ጎማው እንደተገጠመ ሥራው እንደገና ይጀመራል።