የ1936 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር ዘመን

የ1936 የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጀልባ ቀዘፋ ውድድር ዘመን በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ በሲያትል ከተማ የሚገኘው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ስምንት ቀዛፊዎችና አንድ የጀልባ መሪ ያሉት ዋና ቡድን ከኤፕሪል እስከ ኦገስት አንድም ጊዜ ሳይሸነፍ የጨረሰው ዘመን ነው። ቡድኑ በቅድሚያ የፓሲፊክ ጠረፍ ሻምፒዮናን፣ ቀጥሎ በሃድሰን ወንዝ የተደረገውን የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር፣ ከዚያም የአሜሪካ የኦሎምፒክ ማጣሪያን አሸነፈ። በመጨረሻም በበርሊን ኦሎምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ውድድሮቹ የተደረጉበት ወቅት በኢትዮጵያ አቆጣጠር 1928 ዓ.ም. ነበር።

የውድድሩ ዓይነት

በዚህ ውድድር ስምንት ቀዛፊዎች በረጅምና ጠባብ ጀልባ ውስጥ አንዱ ከሌላው ኋላ ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ቀዛፊ አንድ ረጅም መቅዘፊያ በሁለት እጁ ይይዛል፤ አራቱ በቀኝ፣ አራቱ በግራ ይቀዝፋሉ። ቀዛፊዎቹ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙረው ስለሚቀመጡ የሚሄዱበትን አቅጣጫ አያዩም። ወደ ፊት የሚያየው በጀልባው ጫፍ የሚቀመጠው መሪ ብቻ ነው። መሪው አይቀዝፍም፤ ጀልባውን ያቀናል፣ ተቀናቃኞች የት እንዳሉ ይነግራል፣ መቼ ፍጥነት እንደሚጨመርም ይወስናል። ሸክም እንዳይሆን ክብደቱ አነስተኛ የሆነ ሰው ይመረጣል።

ከመሪው ፊት ለፊት የሚቀመጠው ቀዛፊ የቡድኑን ምት ይወስናል። ሌሎቹ ሰባት የእርሱን ምት ይከተላሉ። ስምንቱ መቅዘፊያዎች በአንድ ቅጽበት ውሃ ካልነኩና በአንድ ቅጽበት ካልወጡ ጀልባው ይዋልላል፣ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ስለዚህ ስምንት ጠንካራ ሰዎችን መሰብሰብ ብቻውን ለድል አይበቃም። አሰልጣኞች ወራት የሚፈጁት እርስ በርስ የሚግባቡ ስምንት ሰዎችን ለማግኘት ነው።

የሁለቱ ዩኒቨርሲቲዎች ፉክክር

በፓሲፊክ ጠረፍ የቀዘፋ ሻምፒዮና ለብዙ ዓመታት በዋነኛነት በሁለት ዩኒቨርሲቲዎች መካከል የሚደረግ ነበር። እነዚህም የሲያትሉ ዋሽንግተንና በበርክሌይ የሚገኘው ካሊፎርኒያ ናቸው። ፉክክራቸው በ1903 የጀመረ ሲሆን ውድድሩ አንዴ በሲያትል በዋሽንግተን ሐይቅ፣ አንዴ በካሊፎርኒያ በኦክላንድ የባሕር ወሽመጥ ይካሄድ ነበር።

የአሜሪካ ቀዘፋ ማዕከል ግን ለረጅም ጊዜ የምሥራቁ ክፍል ነበር። ኮርኔል፣ ኮሎምቢያ፣ ፔንሲልቫኒያ፣ ሲራኪዩዝና የባሕር ኃይል አካዳሚ በኒው ዮርክ ግዛት በፖኪፕሲ ከተማ አጠገብ በሃድሰን ወንዝ ላይ በየዓመቱ ይወዳደሩ ነበር። በ1923 ዋሽንግተን በዚህ ውድድር በዋናው ቡድን ደረጃ በማሸነፍ ከምዕራቡ የመጀመሪያው ሆነ። ከዚያ በኋላ ካሊፎርኒያ በአሰልጣኝ ካይ ኤብራይት መሪነት ገነነ። ኤብራይት ራሱ በዋሽንግተን የተማረና የዚያው ቡድን ጀልባ መሪ የነበረ ሰው ነው። የካሊፎርኒያ ቡድን በ1928 በአምስተርዳም፣ በ1932 ደግሞ በሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ የወርቅ ሜዳሊያ አግኝቷል። በ1934 እና በ1935 በፖኪፕሲ ያሸነፈውም እርሱ ነበር። ስለዚህ የዋሽንግተኑ አሰልጣኝ አል አልብሪክሰን በ1936 መጀመሪያ ላይ ከባድ ግፊት ነበረበት።

ቡድኑና ጀልባው

በ1936 ዋናው ቡድን ውስጥ የቀዘፉት ሮጀር ሞሪስ፣ ቻርልስ ዴይ፣ ጎርደን አዳም፣ ጆን ዋይት፣ ጄምስ ማክሚሊን፣ ጆርጅ ሃንት፣ ጆ ራንትዝና ምቱን የሚወስነው ዶን ሂዩም ነበሩ። የጀልባው መሪ ቦብ ሞክ ነበር። ጊዜው ከ1929 ጀምሮ የአሜሪካን ኢኮኖሚ የመታው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ያላበቃበት ነበር። ከቀዛፊዎቹ ብዙዎቹ ከገበሬና ከሠራተኛ ቤተሰብ የመጡ ነበሩ፤ የትምህርት ወጪያቸውን የሚሸፍኑትም በጉልበት ሥራ ነበር። ለምሳሌ ራንትዝ፣ ዴይና ዋይት በ1935 ክረምት በግራንድ ኩሊ ግድብ ግንባታ ላይ በቀን ሠራተኝነት ሠርተዋል።

ጀልባቸው ሃስኪ ክሊፐር ይባል ነበር። የሠራው እንግሊዝ አገር የተወለደው ጆርጅ ፖኮክ ነው። የፖኮክ ቤተሰብ ጀልባ ሠሪዎች ሲሆኑ አባቱ በኢተን ትምህርት ቤት በዚሁ ሙያ ያገለግሉ ነበር። ፖኮክ ወደ ሰሜን አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጀልባ ቤት ውስጥ አውደ ጥናት ሳይሆን አውደ ሥራ ከፍቶ ጀልባ ይሠራ ነበር። የጀልባውን ሽፋን ቀይ ሴዳር ከሚባለው የአካባቢው ቀላል እንጨት በስሱ ሰንጥቆ ያበጀው ነበር። ሥራው በመላ አገሪቱ ስለታወቀ የዋሽንግተን ተቀናቃኞችም ጀልባዎቻቸውን ከእርሱ ይገዙ ነበር።

የውድድሩ ሂደት

የፓሲፊክ ጠረፍ ሻምፒዮና

በኤፕሪል 1936 ካሊፎርኒያ ወደ ሲያትል መጥቶ በዋሽንግተን ሐይቅ ተወዳደረ። የዋናው ቡድን ርቀት 3 ማይል (4.8 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነበር። ዋሽንግተን በአንደኛ ዓመት ተማሪዎች፣ በሁለተኛው ቡድንና በዋናው ቡድን ሦስቱንም ውድድሮች አሸነፈ። ይህ ውጤት የምዕራቡን ሻምፒዮንነት ቢያስገኝም ለፖኪፕሲ ዋስትና አልነበረም። ባለፈው ዓመት ዋሽንግተን በጠረፉ ካሊፎርኒያን አሸንፎ በሃድሰን ወንዝ ግን ተሸንፎ ነበርና።

ፖኪፕሲ

ጁን 22 ቀን በሃድሰን ወንዝ የተደረገው የዋናው ቡድን ውድድር 4 ማይል (6.4 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነበር። ተመልካቾች በወንዙ ዳር ከጀልባዎቹ ጎን በሚሄድ ባቡር ተሳፍረው ይከታተሉ ነበር። ሞክ ለረጅም ጊዜ ምቱን ዝቅ አድርጎ ቡድኑን ከኋላ አቆየ፤ በግማሽ መንገድ ላይ ዋሽንግተን ከመሪዎቹ በብዙ ርቆ ነበር። በመጨረሻው ማይል ፍጥነት ጨምረው አንድ በአንድ እያለፉ ካሊፎርኒያን በመቅደም አሸነፉ። የአንደኛ ዓመት ተማሪዎቹና ሁለተኛው ቡድንም በዚያው ቀን ስላሸነፉ ዋሽንግተን የዕለቱን ሦስት ውድድሮች በሙሉ ወሰደ።

የኦሎምፒክ ማጣሪያና የገንዘብ ችግር

የኦሎምፒክ ርቀት 2,000 ሜትር ብቻ ነው። በረጅሙ ርቀት ጉልበትን መቆጠብ ሲቻል በአጭሩ ግን ዘግይቶ የጀመረ ቡድን የሚያካክስበት ጊዜ የለውም። ሆኖም ዋሽንግተን በጁላይ መጀመሪያ በፕሪንስተን በካርኔጊ ሐይቅ የተደረገውን ማጣሪያ አሸንፎ አሜሪካን እንዲወክል ተመረጠ።

ከድሉ በኋላ ወዲያው ሌላ ፈተና መጣ። የኦሎምፒክ ባለሥልጣናት ለጉዞው በቂ ገንዘብ ስለሌለ ቡድኑ 5,000 ዶላር ራሱ እንዲያቀርብ፣ ካልሆነ ግን በማጣሪያው የተሸነፈው የፔንሲልቫኒያ አትሌቲክስ ክለብ በቦታው ሊሄድ እንደሚችል አስታወቁ። ተማሪዎቹ ይህን ገንዘብ ሊከፍሉ የሚችሉ አልነበሩም። የሲያትል ጋዜጦች፣ ነጋዴዎችና ነዋሪዎች ተባብረው በሁለት ቀን ውስጥ ገንዘቡን ሰበሰቡ።

በርሊን

የኦሎምፒኩ ቀዘፋ የተደረገው ከበርሊን ወጣ ብሎ በግሩናው በሚገኘው ላንገር ሐይቅ ነው። የአሜሪካ ቡድን ኦገስት 12 ቀን በማጣሪያው ብሪታንያን ቀድሞ በ6 ደቂቃ ከ0.8 ሰከንድ ገባ። ነገር ግን ምቱን የሚወስነው ሂዩም በጠና ታሞ ነበር። አልብሪክሰን በሌላ ሊተካው ቢያስብም ጓደኞቹ ያለ እርሱ እንደማይሆን ስለተናገሩ በቦታው ተቀመጠ።

ኦገስት 14 ቀን ፍጻሜው ሲደረግ ነፋስ ይነፍስ ነበር። አሜሪካ ከነፋስ ባልተከለለው በስድስተኛው መም፣ ጀርመንና ጣሊያን ደግሞ በተከለሉት መሞች ተመደቡ። በዚያ ቀን ከተደረጉት ቀደምት ስድስት ፍጻሜዎች አምስቱን ጀርመን አሸንፋ ነበር፤ አዶልፍ ሂትለርም በቦታው ተገኝቶ ይመለከት ነበር። አሜሪካኖቹ የማስጀመሪያውን ድምፅ በደንብ ስላልሰሙ ዘግይተው ተነሡ፤ እስከ ግማሽ መንገድም ከኋላ ቆዩ። በመጨረሻዎቹ መቶ ሜትሮች ምታቸውን እጅግ አፍጥነው ሁለቱን መሪዎች ደረሱባቸው። ውጤቱም የሚከተለው ነው፦

1ኛ. አሜሪካ፣ 6 ደቂቃ ከ25.4 ሰከንድ
2ኛ. ጣሊያን፣ 6 ደቂቃ ከ26.0 ሰከንድ
3ኛ. ጀርመን፣ 6 ደቂቃ ከ26.4 ሰከንድ

በአንደኛውና በሦስተኛው መካከል የነበረው ልዩነት አንድ ሰከንድ ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ

ዋሽንግተን በ1937ም በፖኪፕሲ ሦስቱንም ውድድሮች ደግሞ አሸንፏል። የ1940 እና የ1944 ኦሎምፒኮች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ምክንያት ስለቀሩ በ1948 በለንደን ኦሎምፒክ ወርቁን የወሰደው የቀድሞው ተቀናቃኝ የካሊፎርኒያ ቡድን ነበር። አሰልጣኙም ያው ኤብራይት ነበር። የ1936ቱ ቡድን ታሪክ በ2013 በዳንኤል ጄምስ ብራውን በመጽሐፍ ተጽፎ በሰፊው የታወቀ ሲሆን በ2023 ደግሞ በጆርጅ ክሉኒ አዘጋጅነት ፊልም ሆኗል። ሃስኪ ክሊፐር ዛሬ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የጀልባ ቤት ጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል።