የመኪና ቀለም የለበሰ ጊታር

ካሊፎርኒያ የሚገኘው ፌንደር ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1954 ስትራቶካስተር የተባለውን ኤሌክትሪክ ጊታር ሲያወጣ፣ የተለመደው መልኩ መሃሉ ቢጫ፣ ጠርዙ ወደ ጥቁር ያደላ ነበር። በኋላ ሌላ ቀለም የፈለገ ደንበኛ አምስት በመቶ ጨምሮ ያዝ ጀመር። የሚረጭለት ግን የዱፖንት ኩባንያ ለመኪና የሚሠራው ቀለም ነው፤ «ሌክ ፕላሲድ ብሉ» የተባለው ሰማያዊ የካዲላክ፣ «ሰርፍ ግሪን» የተባለው አረንጓዴ የሸቭሮሌ ነበር። ዛሬም አሮጌ ጊታር የሚያድስ ሰው የሚሠራው የጋራዥ ቀለም ቀቢን ሥራ ነው።

ሥራው በመፍታት ይጀምራል። ክሮቹ ይወጣሉ፤ አንገቱን ከአካሉ ጋር ያያዙት አራት ብሎኖች ይፈታሉ፤ የክሮቹን ድምፅ የሚቀበሉት ፒክአፖችና ክሮቹ የሚያርፉበት ብሪጅ ይነሳሉ። ሽቦዎቹ ከመነካታቸው በፊት ፎቶ ማንሳት ኋላ ከብዙ ጣጣ ያድናል። ከዚያ አሮጌው ቀለም ይላጣል። ናይትሮሴሉሎስ ላከር ከሆነ ቲነር ያሟሟዋል። ፖሊስተርና ፖሊዩሬቴን ግን ለቲነር በቀላሉ ስለማይበገሩ በሙቅ አየር አለስልሶ መፋቅ ይጠይቃሉ፤ ሙቀቱ አንድ ቦታ ላይ ከቆየ እንጨቱን ያሳርራል።

እንጨቱ አሽ ከሆነ ክፍት ቀዳዳዎቹ በመሙያ መደፈን አለባቸው፤ አልደር ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ ብዙም አይፈልግም። አብዛኛው ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው፤ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው። የሚያብለጨልጭ ቀለም ጭረትን አይሸፍንም፤ አጉልቶ ያሳያል እንጂ። ስለዚህ የብርጭቆ ወረቀቱ ከርጭቱ የበለጠ ጊዜ ቢወስድ ተገቢ ነው።

ቀለሙና ከላይ የሚሆነው ግልጽ ላከር ስስ ስስ እየተደረገ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ በጭስ መከላከያ ጭንብል ይረጫል። የላከር ደግነቱ አዲሱ ሽፋን የታችኛውን በጥቂቱ አሟሙቶ አንድ መሆኑ ነው። ለእጅ የደረቀ ቢመስልም፣ ውስጡ የቀረው ማሟሚያ ተንኖ እስኪያልቅ ሳምንታት ይፈጃል፤ ቀድሞ የተወለወለ ኋላ ይሰረጉዳል። አንገቱ የሚገባበት ጎድጓዳ ቦታ በወረቀት ፕላስተር ተሸፍኖ መቆየት አለበት፤ ቀለም ከወፈረበት አንገቱ በግድ ሲገባ ጠርዙን ይሰነጥቃል።

ይኸው የወረቀት ፕላስተር ነው ለጊታሪስቱ ኤዲ ቫን ሄለን ጊታር ዝነኛ መልኩን ያስገኘለት። ጥቁር በቀባው ጊታር ላይ ፕላስተር ለጥፎ ነጭ ረጨበት፤ በ1979 ደግሞ እንደገና ለጥፎ የብስክሌት ቀይ ቀለም ደረበ። ሌላው ጊታሪስት ጆርጅ ሃሪሰን በ1967 ስትራቶካስተሩን በእጁ ሲቀባ ለጊታሩ ጭንቅላት የባለቤቱን የፓቲ ቦይድን የጥፍር ቀለም ተጠቅሟል። ሁለቱም የሠሩት በራሳቸው ጊታር፣ ለራሳቸው ዓይን ነው። የ1950ዎቹ ወይም የ1960ዎቹ ጊታር የፋብሪካ ቀለሙ እንዳለ በእጁ የገባለት ሰው ግን፣ ቢላላጥም አይንካው፤ ዋጋውም ታሪኩም አብሮ ይላጣል። ለመማሪያ ርካሽ ጊታር አይጠፋም።

በመገጣጠም ጊዜ በአንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች፣ ፍሬቶቹ፣ ይስተካከላሉ፣ የድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ይጸዳሉ፣ ሽቦዎቹ ተመልሰው ይበየዳሉ። በስትራቶካስተር ጀርባ ስፕሪንጎቹን ከያዘው ብረት ጋር የምትበየድ አንዲት ሽቦ አለች፤ ክሮቹን ከመሬት መስመር ጋር የምታገናኘው እሷ ነች። ጊታሩ ማጉያ ላይ ተሰክቶ ሲያጉረመርም ቆይቶ ሰው ብሪጁን በጣቱ ሲነካ ጉርምርምታው ካልቀነሰ መጀመሪያ የምትፈተሸው ያቺ ሽቦ ናት።