ዋጋውን ማን አመጣልሽ? በስልክሽና በምንዛሪው መካከል ስለሚቆም ትንሽ ፕሮግራም

እህቴ፣ ደመወዝ የሚገባበት ቀን ሲደርስ መጀመሪያ የምታደርጊው ምንድን ነው? ብዙዎቻችን ስልካችንን አንስተን «ዛሬ ሪያል ስንት ገባ?» ብለን እናያለን። ቁጥሩ ይመጣል። ከዚያ በጭንቅላታችን ማባዛትና ማካፈል እንጀምራለን፤ ለእናት ይህን ያህል፣ ለታናሽ ወንድም ትምህርት ይህን ያህል፣ ለዕቁብ ይህን ያህል።

ያንን ቁጥር ግን ማን አመጣው? ከየት አመጣው? መቼ? እኔ የአረብኛ አስተርጓሚ ነኝ። በሁለት ሰዎች መካከል ቆሜ፣ የአንዱን ቃል ለሌላው እያደረስኩ ነው እንጀራዬን የምበላው። እንዲያም ሆኖ ይህን ጥያቄ ጠይቄ አላውቅም ነበር። የጠየቅሁት ራሴ ያንን ቁጥር የሚያመጣ ትንሽ ፕሮግራም ሠርቼ፣ ፕሮግራሜም አንዲት እህት ሳያስፈልጋት 700 ሪያል እንድትበደር ካደረጋት በኋላ ነው።

ዛሬ ይህ ዓይነቱ ፕሮግራም እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት ሥራ ላይ እንደሚውልና እንዴት እንደሚፈተን እነግርሻለሁ። መሥራት ባትፈልጊም አንብቢው። በየቀኑ ስልክሽን ስትነኪ ከእንዲህ ዓይነት ፕሮግራሞች ጋር ነው የምትነጋገሪው።

በር ከፋቿ

ሁለት ቃላት ብቻ እንወቅ። የመጀመሪያው «ኤፒአይ» ይባላል። አንድ ፕሮግራም ሌላውን ፕሮግራም የሚጠይቅበት በር ማለት ነው። ስልክሽ ላይ ያለው ገጽ የምንዛሪ ዋጋ ራሱ አያውቅም፤ ዋጋ የሚሰበስብ ድርጅት ኮምፒውተር ዘንድ ሄዶ በዚያ በር ይጠይቃል።

ሁለተኛው «ፕሮክሲ» ነው። ይህን ከማንም በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። እንግዳ ሲመጣ በሩን የምትከፍቺው አንቺ ነሽ። ምን እንደሚፈልግ ትሰሚያለሽ፣ ገብተሽ ለማዳም ትነግሪያለሽ፣ የተባልሽውን ይዘሽ ትመለሻለሽ። እንግዳው ሳሎን ተቀምጦ ቡናውን ይጠጣል እንጂ ወጥ ቤት አይገባም፣ የዕቃ ቤቱንም ቁልፍ አይዝም። ፕሮክሲም እንዲሁ በጠያቂውና በመላሹ መካከል ቆሞ ያመላልሳል፤ ቁልፉንም ይጠብቃል።

ቁልፍ ስል ለአባባል ብቻ አይደለም። የምንዛሪ ዋጋ የሚሰጡ ድርጅቶች ለሚመዘገብ ሁሉ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ይሰጣሉ፤ ስሙም ቁልፍ ነው። ለምሳሌ «ኤክስቼንጅሬት ኤፒአይ» የተባለው አገልግሎት በነፃ ቁልፍ በወር 1,500 ጥያቄ ይፈቅዳል። ቁልፉን በቀጥታ ገጽሽ ውስጥ ብትጽፊው፣ ትንሽ የሚያውቅ ሰው የገጹን ኮድ ከፍቶ ያነበዋል። ከዚያ በአንቺ ቁልፍ ሌላው ይጠይቃል፣ ኮታሽም በሁለት ቀን ያልቃል። የሚከፈልበት ቁልፍ ከሆነ ደግሞ ሂሳቡ የሚመጣው ለአንቺ ነው። ፕሮክሲ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

አሠራሩ

እኔ የሠራሁት «ክላውድፍሌር ወርከርስ» በተባለው አገልግሎት ነው። ለመመዝገብ ኢሜይል ይበቃል፤ ለነፃው አገልግሎት የባንክ ካርድ አይጠይቅም። በቀን እስከ 100,000 ጥያቄ በነፃ ያስተናግዳል። በስልክም መሞከር ይቻላል፣ ነገር ግን ጽሑፉ ስለሚጠብ ዓይን ያደክማል። እኔ የተጠቀምኩት ያረጀ ላፕቶፕ ነው።

ኮዱ 15 መስመር ያህል ነው። በአማርኛ ብንተረጉመው አራት ትእዛዝ ይወጣዋል።

አንደኛ፦ ጥያቄ ሲመጣ ተመልከት። «ሪያል ወደ ብር» ከሆነ ተቀበል፤ ሌላ ከሆነ መልሰው። ይህን ትእዛዝ አትዝለዪው። ያመጡለትን ሁሉ የሚያመላልስ ፕሮክሲ ማንም የማያውቀው ሰው ለክፉ ሥራው ሊጠቀምበት ይችላል። በር ከፋች ያንኳኳውን ሁሉ አታስገባም።

ሁለተኛ፦ ቁልፉን ከተደበቀበት አውጥተህ ዋጋ ሰጪው ዘንድ ሂድ። ቁልፉ ኮዱ ውስጥ አይጻፍም። አገልግሎቱ «ሲክሬት» የሚለው የተለየ ማስቀመጫ አለው። አንዴ እዚያ ካስገባሽው አንቺ ራስሽ እንኳ ተመልሰሽ ልታነቢው አትችዪም።

ሦስተኛ፦ መልሱን ይዘህ ለጠያቂው ስጥ፤ ቁልፉን ግን አታሳይ።

አራተኛ፦ መልሱን ለተወሰነ ጊዜ አስቀምጠው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሌላ ሰው ተመሳሳይ ነገር ቢጠይቅ እንደገና አትሂድ፣ ያስቀመጥከውን ስጥ። ይህ «ካሽ» ይባላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። በወር 1,500 ጥያቄ ማለት በቀን 50 ብቻ ነው፤ ጓደኞችሽ በየሰዓቱ ቢከፍቱት አይበቃም። ካሽ ካለ ግን በቀን አንድ ጊዜ መጠየቅ ለሁሉም ይዳረሳል።

ይህችን አራተኛዋን ትእዛዝ ያዢልኝ። ጥፋቴ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

ሥራ ላይ ማዋልና መፈተን

ኮዱ ካለቀ በኋላ «ዲፕሎይ» የሚለውን ቁልፍ ትጫኛለሽ። በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ፕሮግራሙ የራሱ አድራሻ ይኖረዋል። ክላውድፍሌር ከ300 በላይ በሆኑ ከተሞች ኮምፒውተሮች ስላሉት፣ ጅዳም ሆነሽ አዲስ አበባ ጥያቄሽን የሚቀበለው ለአንቺ የሚቀርበው ነው።

ቀጥሎ ፈተና ነው። አድራሻውን ስልክሽ ላይ ከፍተሽ ቁጥሩ ሲመጣ ደስ ይልሻል፤ እኔም ተነስቼ ልጨፍር ምንም አልቀረኝ። ግን አንድ ጊዜ መሥራቱ ፈተና አይባልም። ሆን ብለሽ ታበላሺዋለሽ።

ፕሮግራሙ ከእያንዳንዱ መልስ ጋር ባለ ሦስት አኃዝ ቁጥር ይልካል። 200 ማለት ጥያቄው ደርሶ መልስ ተገኝቷል ማለት ነው። 400 ማለት ጥያቄው ልክ አይደለም፤ ሪያልን ትተሽ ያልፈቀድሽውን ገንዘብ ብትጠይቂ ይህ መምጣት አለበት። 401 ወይም 403 ከሆነ ብዙውን ጊዜ ችግሩ ቁልፉ ላይ ነው፤ አንድ ፊደል ለውጠሽ ሞክሪው። 404 ማለት በዚያ አድራሻ የተባለው ነገር የለም። 429 ማለት ከተፈቀደው በላይ ጠይቀሻል። 502 ደግሞ በር ከፋቹ አለ፣ ከጀርባው ያለው ግን በትክክል አልመለሰም ማለት ነው።

ሁሉንም ሞከርኩ። ሁሉም እንደሚገባው መለሱ። አድራሻውን ለ12 ጓደኞቼ በዋትስአፕ ላክሁ። አንድ ነገር ብቻ ሳልፈትን ቀረሁ፤ እሱም ጊዜ ነው።

የዚያ ሰኞ ማታ

ለካሹ የሰጠሁት ጊዜ አንድ ሳምንት ነበር። ምክንያቴ ያኔ ትክክል ይመስል ነበር። የሳዑዲ ሪያል በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1986 ጀምሮ ለዶላር 3.75 ሆኖ የቆመ ነው። ብርም በባንክ ዋጋ በሳንቲም ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሰው። በሳምንት ውስጥ ምን ይለወጣል ብዬ ነው።

ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን መፍቀዱን አስታወቀ። ባለፈው ዐርብ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 57 ብር ተኩል አካባቢ የነበረው ዶላር በዚያው ቀን ወደ 75 ብር ተጠጋ። ለእኛ በሪያል ስናሰላው፣ 15 ብር ከ33 ሳንቲም የነበረው 20 ብር ሊሞላ ምንም አልቀረውም።

የእኔ ፕሮክሲ ግን አልሰማም። «ሳምንት ያዝ» ስለተባለ አሮጌውን ዋጋ ይዞ፣ በር ላይ ቆሞ፣ ለጠየቀው ሁሉ 15.33 እያለ ይመልስ ነበር። አብሮትም 200 እያለ፤ ሁሉ ሰላም ነው እያለ።

በዚያች ማታ ከ12ቱ አንዷ ገጹን ከፈተች። በሰው ቤት ነው የምትሠራው፤ ደመወዟ 1,000 ሪያል ነው። ለአባቷ ሕክምና 46,000 ብር በማግሥቱ እንድትልክ ተነግሯት ነበር። ስልኳ ላይ ባለው ዋጋ ስታሰላ 3,000 ሪያል ሆነባት። በእጇ የነበረው 2,300 ነው። በአዲሱ ዋጋ ቢሰላ በእጇ ያለው በጥቂት ሪያል ልዩነት ይበቃት ነበር። እሷ ግን ይህን በምን ታውቃለች? ማዳሟን 700 ሪያል ለመነች። ማዳሟም አበደረቻት፤ በምትኩ ለሁለት ወር ዐርብ ዐርብ ላትወጣ ተስማሙ።

ገንዘቡ ሲደርስ ከቤት ደውለው «ይህን ሁሉ ላክሽ?» አሏት። ያኔ ነው ነገሩ የታወቀው። ትርፉ ገንዘብ አልጠፋም፤ ቤት ገባ፣ ቤት የገባ ገንዘብ ደግሞ እንደማይመለስ አንቺም ታውቂያለሽ። ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት፤ 700 ሪያሉንም እኔ ልክፈል አልኳት። አልተቀበለችኝም። «ብሩ ለአባቴ ነው የሄደው፣ እሱ አይቆጨኝም» አለችኝ። «የሚቆጩኝ ዐርቦቹ ናቸው።»

ምን ለወጥኩ?

በዚያው ሌሊት ተቀምጬ ፕሮግራሙን ከፈትኩት። የካሹን ጊዜ ከሳምንት ወደ 12 ሰዓት አወረድኩት። ቀጥሎ ከቁጥሩ ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፤ ዋጋው ከየት እንደተወሰደ፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደተወሰደ የሚናገር። ዋጋው ከአንድ ቀን በላይ ካረጀ ቁጥሩ ቀርቶ «አዲስ ዋጋ ማግኘት አልቻልኩም፣ ባንክሽን ጠይቂ» የሚል ጽሑፍ ይወጣል።

ፈተናዬም ተለወጠ። አሁን ሆን ብዬ አሮጌ ዋጋ አስገብቼ፣ ፕሮግራሙ ያምናል ወይስ ይደብቃል የሚለውን አያለሁ። 200 ማለት «መልእክቱ ደረሰ» ማለት ነው እንጂ «መልእክቱ እውነት ነው» ማለት እንዳልሆነ የተማርኩት በሰው ዐርብ ነው። አስተርጓሚም ቢሆን እንዲሁ ነው። ቃሉን አሳምሬ ባደርስም፣ የያዝኩት የትናንቱን ውል ከሆነ የዛሬዋን ሠራተኛ ጎድቻታለሁ።

አንቺስ ምን ትጠይቂ?

ኮድ ባትጽፊም እነዚህን ያዢ።

ማንኛውንም የምንዛሪ ቁጥር ስታዪ ከሥሩ ቀንና ሰዓት ፈልጊ። ከሌለው አትደምሪበት፣ አትበደሪበት።

ስልክ ላይ የሚታየው አማካይ ዋጋና ባንክ ወይም ሐዋላ ቤት የሚሰጥሽ ዋጋ አንድ አይደለም፤ የአገልግሎት ክፍያም አለ። ስለዚህ «ሪያል ስንት ነው?» ከማለት ይልቅ «ይህን ያህል ሪያል ብሰጥህ ቤተሰቤ እጅ ስንት ብር ይገባል?» በይ። ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቂና መልሶቹን አስተያዪ።

በመካከል የቆመ ሰው የሚያልፍበትን ያያል። እኔ ብፈልግ ኖሮ ገጼን ማን በየትኛው ሰዓት እንደከፈተው፣ ከየትኛው አገር እንደሆነ መመዝገብ እችል ነበር። አልመዘገብኩም፤ ግን ያላደረግሁት እኔ ስለመረጥኩ ብቻ ነው። ስለዚህ መካከል ላይ የቆመው የማን እንደሆነ ሳታውቂ ምንም አትስጪው። የምንዛሪ ዋጋ ለማሳየት የኢቃማ ቁጥር የሚጠይቅ ገጽ ሌላ ሥራ አለው። በስልክሽ የመጣውን የማረጋገጫ ቁጥር «ንገሪኝ፣ እኔ ልላክልሽ» የሚል ሰውም፣ የአገርሽ ልጅ ቢሆን እንኳ፣ የቤቱን ቁልፍ ነው የሚጠይቅሽ።

መሥራቱን መማር ለምትፈልጊ ደግሞ መንገድ አለ። ኢትዮጵያና የተባበሩት አረብ ኤምሬትስ በዚያው በሐምሌ 2016 የጀመሩት የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ መሠረታዊ ፕሮግራሚንግን በኢንተርኔት በነፃ የሚያስተምር ነው። ሌሊት፣ ቤቱ ጸጥ ሲል፣ በቀን ግማሽ ሰዓት እየተማሩ የሚጀምሩ እህቶችን አውቃለሁ። እኔም የጀመርኩት እንደዚያ ነው፤ የተማርኩት አረብኛ እንጂ ኮምፒውተር አልነበረም።

ያቺ እህት ዕዳዋን ከፍላ ጨርሳለች። አሁንም ገጼን ትከፍታለች፤ ከዋጋው በፊት ግን ከሥሩ ያለውን ቀን ነው የምታነበው። ባለፈው ሰሞን የድምፅ መልእክት ላከችልኝ፦ «ዛሬ ሰዓቱ ልክ ነው፣ ጎበዝ ነሽ!» ብላ ሳቀችብኝ።