ዲሹ ወዴት ነው የሚያየው?

«መጣ?»
«ኧረ የለም!»
«አሁንስ?»
«መጣ መጣ! ውይ… ሄደ!»

ጣሪያ ላይ የወጣውና ቴሌቪዥኑ ፊት የቆመው እንዲህ ሲጯጯሁ መስማት በአዲስ አበባ አዲስ ነገር አይደለም። በ2012 ዓ.ም. ገደማ ግን ጩኸቱ በረከተ፤ የአገር ቤት ጣቢያዎች ኢትዮሳት በሚል ስም ኤንኤስኤስ 12 የተባለው ሳተላይት ላይ መሰባሰብ ጀምረው ነበርና።

እስከዚያ የብዙው ቤት ዲሽ ናይልሳት ላይ ነበር። ናይልሳት ያለው 7 ዲግሪ ምዕራብ ላይ፣ ኤንኤስኤስ 12 ደግሞ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ነው። ዲሹን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ደቡብ ጠጋ አድርጎ ማዞር ያስፈልጋል ማለት ነው። ማዞሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ከአዲስ አበባ ናይልሳት ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ሲገኝ አዲሱ 66 ዲግሪ ያህል ነው፤ ወደ አናት የቀረበ። አዙሮ ቀና ማድረግ የረሳ ሰው ባዶ ሰማይ ሲያስስ ይመሻል።

ዓይንም ያሳስታል። የተለመደው የቤት ዲሽ ምልክት የሚቀበለውን ኤልኤንቢ ከፊቱ መሃል ሳይሆን ወደ ታች ዝቅ አድርጎ ነው የሚይዘው። በዚህ የተነሳ የሚያየው ከሚመስለው ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ብሎ ነው። ናይልሳት ላይ ያለ ዲሽ የጎረቤት ግድግዳ ላይ ያፈጠጠ የሚመስለው ለዚህ ነው።

ቡሎን ከመፍታት በፊት ሪሲቨሩ ላይ ፍሪኩዌንሲ 11105፣ ፖላራይዜሽን ሆሪዞንታል፣ ሲምቦል ሬት 45000 ይሞላል። ሁለት መስመሮች ይታያሉ። ስትሬንግዝ የሚለውን አትመኑት፤ ኤልኤንቢው በኬብሉ የሚልከው ጫጫታ ብቻ ሊያስነሳው ይችላል። «ሰማንያ ገብቷል» ተብሎ ጥቁር ስክሪን ላይ ማፍጠጥ እንዴት እንደሚያናድድ የደረሰበት ያውቀዋል። መታየት ያለበት ኳሊቲው ነው።

ሳተላይቱ ያለው ከምድር ወገብ 35,786 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ 90 ሳንቲ ሜትር ዲሽ አንድ ዲግሪ ሲስት እንኳ ኳሊቲው ያሽቆለቁላል። ስለዚህ በጣት ገፋ፣ ቆም፣ ጠበቅ። ዲሹ ሲይዝ ኤልኤንቢውን በማቀፊያው ውስጥ ቀስ አድርጎ ማዞር ይቀራል፤ ለናይልሳት የተጣመመበት አቅጣጫ ለኤንኤስኤስ 12 አይሆንም። ብዙዎች ይህን ይዘሉትና ዝናብ በመጣ ቁጥር ምስሉ ይቆራረጥባቸዋል።

ቡሎኖቹም በአንዴ አይጠብቁም። አንዱን ጨርሶ ማጥበቅ ዲሹን ይጎትተዋል፤ ከግራም ከቀኝም በየተራ፣ ከታች ያለው ሰው ኳሊቲውን እየጠራ።